ስርዝ ድልዝ ወደ ሳፋ

ትናንት ገና ጎኔ ፍራሽ ከመንካቱ በሕልሜ አንድ ወረቀት ሰው ሲቀድ አየሁ። ወረቀቱ መነጽር አድርጓል። ሰውዬው ቀጭን ነው፣ ከረባት አስሯል። ወረቀቱ ሰውዬውን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው፣ ወገቡ ላይ ማስመሪያ አስደገፈ፣ ከዚያ ሳይቸኩል ቀደደው። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። ከሁለት ከተከፈለ በኋላ የላይኛው ግማሽ ቀና ብሎ ጠየቀ።

"ጠርዙ ቀጥ ብሏል?"

"ቀጥ ብሏል" አለ ወረቀቱ።

"እግዜር ይስጥልኝ።"

የታችኛው ግማሽ ግን ይኼን ሁሉ ጨዋታ ለመስማት አልቆየም። ተነሥቶ ታክሲ ሊይዝ ሄደ።

የዚህ ሕልም ምክንያት ሕልም ፈቺ አያስፈልገውም። እኔ በወረቀት የምሠራ ሠዓሊ ነኝ። አሮጌ ወረቀት እሰበስባለሁ፣ እበጣጥሳለሁ፣ ሳፋ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፣ በጁስ መፍጫ እፈጫለሁ፣ በወንፊት አወጣለሁ። ሲደርቅ አዲስ ወረቀት ይሆናል፤ ከእሱ ሥራዎቼን እሠራለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው የግሌ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። የጋለሪው ባለቤት ጋሽ ልዑልሰገድ እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ ስለ አሠራሬ እንድናገር አዘውኛል። እንግዲህ አንድ ወር ሙሉ ንግግሩን ስጽፍ ስሰርዝ፣ ስሰርዝ ስጽፍ ከረምኩ። ሥራውን እጄ ያውቀዋል፤ አፌ ግን ገና አልተዋወቀውም።

አብራኝ የምትኖረው አክስቴም አለች። እታለም ነው የምላት። "ሥራሽ ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?" ትለኛለች ዘወትር። አንድም ቀን የሚጨበጥ ነገር ነግሬያት ስለማላውቅ ለጎረቤት "ውሃ ትወቅጣለች" እያለች ትመልሳለች። ይኼ ያናድደኛል፤ የሚያናድደኝ ደግሞ ውሸት ነው ማለት ስለማልችል ነው።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። ከዚያ ክፍል ወጥቼ ራሴን መንገድ ላይ አገኘሁት። ወረቀቶች ጫማ አድርገው ይመላለሳሉ፣ ሰዎች በነፋስ ይበናሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ አጥር ላይ ተለጥፏል፣ አንድ ጋዜጣ ፊቱ ቆሞ ያነበዋል። ጋዜጣው የሰውዬውን ሆድ አንብቦ ሲጨርስ ገለበጠውና ጀርባውን አየ። "ስፖርት የለውም እንዴ?" ብሎ እዚያው ትቶት ሄደ።

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባላል። እዚያ ግን አንድ ካርቶን ገና ከመድረሱ የፍየሏን ጆሮ ያኝክ ጀመር። ልረዳት ጠጋ ስል ፍየሏ ወደ እኔ ዞረች።

"ተይው፣ ልማድ ነው" አለችኝ። "ሲጠግብ ይተዋል።"

በዚህ መሐል ነፋስ መጣና እኔንም አነሣኝ። አየር ላይ ቀለል ማለት ደስ ይላል። አንድ ሁለቴ ተገለባበጥኩና አንድ ትልቅ አዳራሽ በር ላይ አረፍኩ።

የበሩ ዘበኛ ከቀን መቁጠሪያ የተገነጠለ ገጽ ነበር፤ ጳጉሜን። ቁመቱ አጭር፣ ኩራቱ ረጅም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ምንም ነገር እንዳትጠይቂኝ" አለኝ ገና አፌን ሳልከፍት። "በዓመት አምስት ቀን ብቻ ነው ሥራ የምገባው። ምንም አላውቅም።"

"ስድስት ቀን የምትገባበት ዓመትም አለ አይደል?"

"እሱን አታንሺብኝ። ትርፍ ቀን ያሠሩኛል፣ ዕረፍቱን ግን እስከ ዛሬ አላካካሱልኝም።" ተነፈሰና "እንግዳ ነሽ ወይስ ጥሬ ዕቃ?" አለኝ።

"ሠዓሊ ነኝ። ንግግር አለኝ።"

ሳቀ። ሲስቅ ጠርዙ ይርገበገባል። "እዚህ ሠዓሊ ማለት ወረቀት ነው። ሰው ጥሬ ዕቃ ነው። ጥሬ ዕቃ ደግሞ በጓሮ በር ነው የሚገባው።"

"ጓሮው በየት በኩል ነው?"

"አላውቅም አልኩሽ እኮ።"

እሱ ስለማያውቅ በፊት ለፊት በር ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል። ሰዎች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ይደርቃሉ፤ ከአንዳንዶቹ ገና ውሃ ይንጠባጠባል። አንድ ሰው በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ እንደ ሰሌን ተሠርቷል። በሁሉም ስንጣቂዎቹ ስለ ኳስ ይከራከራል፤ ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም። ጥግ ላይ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ፣ የተጨማደደ ሰው ወድቋል። ሁለት ወረቀቶች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩታል።

"ይኼ ሥራ ነው ወይስ ቆሻሻ?" አለ አንደኛው።

"እንጃ። ለመጣል ፈርተው ነው መሰለኝ የተዉት" አለ ሌላው።

የተጨማደደው ሰው ቀና ብሎ ሊያየኝ ሞከረ፤ ዓይኑን ግን ከጨምዳዳው ማውጣት አቃተው።

ጋሽ ልዑልሰገድን ያገኘኋቸው በር አጠገብ ባለው መደብ ላይ ነው። ታጥፈው፣ ታጥፈው፣ ጀልባ ሆነዋል። አፍንጫቸው የጀልባው ጫፍ ነው። ሁልጊዜ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሰው ስለሆኑ ደነገጥኩ።

"ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ምን ሆኑ?"

"ታጠፍኩ" አሉኝ ከውስጥ። ድምፃቸው ምቾት አለው። "ይኼ ስንት ዓመት ያሠቃየኝ ወገብ ዛሬ ለቀቀኝ። ንግግርሽን ጨረስሽ?"

"ሊያልቅ ነው።"

"ሊያልቅ ነው ካልሽኝ ወር ሞላሽ" አሉ። ሰው ጀልባ ሆኖም አይለቅም።

በዚያው ቅጽበት ደወል ተደወለ፣ ወረቀቶቹ ወንበር ወንበራቸውን ያዙ። ያ ታክሲ ሊይዝ የሄደው የታችኛው ግማሽ ዘግይቶ ገባና ከኋላ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ። መድረኩን የምትመራው አንዲት ስስ ሶፍት ነበረች። ሁሉ ነገር ያስለቅሳታል። እንባዋ በመጣ ቁጥር አጠገቧ ካለው ሳጥን አንድ ትንሽ ሰው ትመዛለች፣ ፊቷን ትጠርግበታለች፣ ትጥለዋለች። ወዲያው ሌላ ትንሽ ሰው ከሳጥኑ ብቅ ይላል።

"ዛሬ" አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ "ሠዓሊዎቻችን በሰው እንዴት እንደሚሠሩ ይነግሩናል።"

መጀመሪያ የተነሣው የሲሚንቶ ከረጢት ነው። ሽማግሌ ነው፣ ሲራመድ አቧራ ይለቃል፣ ከመናገሩ በፊት ሦስቴ ያስላል።

"ወጣቶቹ አዲስ ሰው ካላገኘን ይላሉ" አለ። "እኔ ያገለገለ ሰው ነው የምወደው። ጡረታ የወጣ፣ ወገቡ የጎበጠ። የጎበጠ ሰው ግማሹን ታጥፎ ነው የሚመጣልህ። ልፋትህን ይቀንስልሃል።"

"ቀለምስ?" አለ እኩያው የሆነ ካርቶን ከፊት። አፉ ላይ አሁንም የፍየል ጸጉር ነበር።

"ቀለም ገዝቼ አላውቅም። ሰው ሲናደድ የሚያወጣው ቀለም ይበቃኛል።"

"እንዴት አድርገህ ታናድደዋለህ?"

"ነገ ተመለስ እለዋለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ተንኮሻኮሸ። ገመዱ ላይ ያሉት ሰዎች ግን አልሳቁም፤ ሁሉም ቀይ ሆኑ። ከረጢቱ በእጁ እያመለከተ፣ "አያችሁት?" አለ።

ቀጥላ የወጣችው ከሂሳብ ደብተር የተገነጠለች ገጽ ናት። በአንድ ወቅት ቆሎ ተጠቅልሎባት ነበር፤ እስካሁን ጫፏ እንደ ሾለ ነው። ጥቅሊት ይሏታል። መላ አካሏ ላይ የአስተማሪ ቀይ ኤክስ አለ፣ ግን ደንታም አልሰጣት።

"እኔ ሰው እጠቀልላለሁ" አለች። "ከታች አሾለዋለሁ፣ ከላይ እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ ቆሎ እሞላዋለሁ።"

"ለምን ቆሎ?" አሏት።

"ሰው ባዶውን ሲሆን ብዙ ያወራል። ቆሎ ሲሞላ ዝም ይላል።"

"ለምንስ ትጠቀልይዋለሽ?"

ጥቅሊት ትንሽ አሰበች። "መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ተመልሶ ይዘረጋል። አንዴ ካሾልኩት በኋላ ግን ራሱ ይዞራል። እጄ ላይ ራሱን ሲያዞር ደስ ይለኛል።" ብላ ወርዳ ተቀመጠች።

ቅናት ያዘኝ። እውነቴን ነው። ያቺ ሂሳብ የወደቀች ወረቀት እኔ በወር ያላልኩትን በአንድ ትንፋሽ ብላው ተቀመጠች።

ከዚያ ሶፍቷ ራሷ ተነሣች። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ አንድ ትንሽ ሰው በእጇ ይዛ፣ እንዲህ አለች።

"የእኔ ሥራ በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለውን ስስ ድንበር ይጠይቃል፤ ድንበሩም መልሶ እኔን ይጠይቀኛል።"

ከረጢቱ እንቅልፍ ወሰደው። ካርቶኑ ፈረሰ። ጋሽ ልዑልሰገድ አንድ ዙር ተጨማሪ ታጠፉ። እኔ ግን ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጸጉሬ ነደድኩ፣ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩ የራሴ ነው። ቃል በቃል። ጽፌው፣ ሰርዤው፣ መልሼ ያስገባሁት፣ በጣም የምኮራበት ዓረፍተ ነገር። ጠረጴዛዬ ላይ እንዲያ ሲያምር፣ ሌላ አፍ ውስጥ ገብቶ ስሰማው አፈርኩበት።

"የኔ ነው" አልኩ ሳላስበው።

ወረቀቱ ሁሉ ዞረ። ከረጢቱ ነቃ፣ እያሳለ ወደ እኔ መጣና ግንባሬን በትኩረት አየ።

"ይቺ ሰው ስርዝ ድልዝ አለባት" አለ።

እጆቼን አየሁ። እውነቱን ነው። ክንዴ ላይ ዳር እስከ ዳር የተሰረዘ መስመር አለ፣ ክርኔ ላይ በቀስት የገባ ቃል አለ፣ መዳፌ ላይ ተጽፎ ተሰርዞ እንደገና የተጻፈ ነገር አለ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ በትልቁ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። "ንጹሕ ሰው አይነካም። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወደ ሳፋ።" ይኼ እታለም ስትዘፈዝፍልኝ እንዳትሳሳት እኛ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እኔ የለጠፍኩት ሕግ ነው፤ የእጅ ጽሑፉም የእኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። "ወረቀት" በሚለው ፋንታ "ሰው" ተብሎ ተጽፏል። ከማስታወቂያው ሥር የእኛው ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር።

"አንድ ዕድል ይሰጣት" አለች ሶፍቷ እያለቀሰች። "ሥራዋን ትንገረን። የተናገረችው ካልተሰረዘ ትድናለች። ከተሰረዘ ትዘፈዘፋለች፣ ትፈጫለች።"

ያኔ ነው እታለምን ያየኋት። ፊት ወንበር ላይ፣ በወረቀቶቹ መሐል፣ የክት ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች። ከእኔ ሌላ ከሰው ወገን ምንም ያልሆነችው እሷ ብቻ ናት። ገላዋ ላይ አንድም ስርዝ የለም። ደግሞ ከየት ይመጣል? እታለም በሕይወቷ የተናገረችውን መልሳ አታውቅም።

"ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜዋ።

"ሥራዬ ማንነትን…" ብዬ ጀመርኩ። አንገቴን በላኝ። ስነካው መስመር ወጥቶበታል።

"ትውስታን በማፍረስና በመገንባት…" አፍንጫዬ ላይ ሌላ መስመር።

"ኮንሰፕቱ…" ስል መስመር እንኳ አልተደረገብኝም፤ ሆዴ ላይ ትልቅ ኤክስ ወጣ። ጥቅሊት ራርታ ዞር አለች፣ ኤክሱን ታውቀዋለችና።

ፈራሁ። ሳፋውን አልፈራሁም፤ ሳፋ ለእኔ እንደ ጓዳዬ ነው። የፈራሁት ሌላ ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት የደከምኩበትን ነገር አንዴም ሳልናገረው ላልቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

ሁለት ወፍራም ወረቀቶች ብብቴን ያዙኝ። እታለም እጅጌዋን ሰብስባ ተነሣች።

"እግሯን እኔ ልያዝላችሁ" አለች። "ልምድ አለኝ።"

"እታለም፣ የወንድምሽ ልጅ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ሕጉም ያንቺ ነው።"

ዘፈዘፉኝ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። የተሰረዙት ቃላት አንድ በአንድ ከላዬ ይለቁ ጀመር። "ማንነት" ቀድሞ ተንሳፈፈ፣ "ትውስታ" የሳፋው ከንፈር ላይ ተለጠፈ። ከረጢቱ ከሩቅ ሆኖ፣ "ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ" ይላል። ጠጋ አይልም፤ ሲሚንቶ ስለሆነ ውሃ ከነካው እዚያው ድንጋይ ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል። ከኋላ አንዱ የጁስ መፍጫውን ሰካ። ድምፁን ሰማሁት።

ጥቅሊት መጥታ ሳፋው አጠገብ ተንበረከከች።

"ፈርተሻል?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ፈርቻለሁ።"

"አንቺ ወረቀት ከዘፈዘፍሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እፈጨዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ወንፊት ከሥሩ አስገብቼ ከፍ አደርገዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ውሃው ይወርዳል፣ ወረቀቱ ወንፊቱ ላይ ይቀራል" አልኳት። "ሁልጊዜ ዛሬስ ሁሉም አብሮ ወርዶ ያልቃል እላለሁ። ግን ይቀራል። ሲቀር ማየት ደስ ይለኛል። ለእሱ ብዬ ነው የምሠራው።"

ዓይኔን ጨፍኜ መስመሩን ጠበቅኩ። አንገቴን ነካሁ፣ ምንም የለም። ክንዴን፣ ሆዴን ዳበስኩ። ንጹሕ ነኝ። ከኋላ አንዱ የጁስ መፍጫውን ነቀለ።

ጳጉሜን ከበሩ አንገቱን አስግጎ፣ "ያ ብቻ ነው?" አለ።

"ያ ብቻ ነው።"

"ይኼማ እኔም ገባኝ" አለ።

ሶፍቷ እንደገና አለቀሰች፣ ግን በዚህኛው በትንሹ ሰው ፊቷን አልጠረገችም፤ አገላብጣ አየችውና ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ወረቀቶቹ ያጨበጭቡ ጀመር። ገመዱ ላይ ያሉትም ሲያጨበጭቡ መቆንጠጫው ሁሉ ረገፈና እየዘለሉ ወረዱ። የታችኛው ግማሽ እጅ ስለሌለው በእግሩ ወለሉን ይደበድባል። ጋሽ ልዑልሰገድ እጥፋታቸው አንድ በአንድ ተፈታ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ወዲያው "ወይኔ ወገቤ" አሉ።

ከዚያ ትልቅ ወንፊት አመጡ። ከሥሬ አስገቡትና ከፍ አደረጉኝ። ውሃው ከጎንና ከጎኔ ሲወርድ ይሰማኛል። እኔ ግን ቀረሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከፍ እያልኩ፣ ከፍ እያልኩ ጣሪያው ጋ ስደርስ አንድ እርጥብ እጅ ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ።

"ተነሺ ትርሲትዬ፣ ረፈደ።"

እታለም ናት። መስኮቱ በርቷል። ክንዴን አየሁ፣ አንድም መስመር የለበትም። እጇ ግን የእውነት እርጥብ ነበር።

"እንዳትደክሚ ብዬ ሥራሽን ጀመርኩልሽ" አለችኝ ፈገግ ብላ። "ጠረጴዛሽ ላይ የተከመረውን በጣጥሼ ዘፈዘፍኩት። በመፍጫውም አዙሬዋለሁ።"

"የቱን?"

"ያንን ስርዝ ድልዙን ነዋ። ንጹሑን አልነካሁም። ሕግሽን አውቀዋለሁ።"

ጠረጴዛው ላይ ንጹሑ ተቀምጧል። ንግግሬን ልገለብጥበት ያዘጋጀሁት ባዶ ወረቀት ነው።

በባዶ እግሬ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ሳፋው ውስጥ የወር ሥራዬ አጥሚት መስሎ ተኝቷል። ቀለሙ ሰማያዊ ሆኗል። የሳፋው ከንፈር ላይ ካለችው ስንጥቅ አጠገብ ያልተፈጨች አንዲት ቁራጭ ተለጥፋለች። "ስስ ድንበር" ትላለች። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምን ሆንሽ?" አለች እታለም ከኋላዬ ደርሳ። ፊቴን ስታይ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "የዛሬው ነው እንዴ? ውይ፣ አፈር በበላሁ። ታዲያ አሁን እዚያ ሰው ፊት ቆመሽ ምን ልትይ ነው?"

"ወረቀቱን ሳወጣ ውሃው ይወርዳል፣ ወረቀቱ ይቀራል" አልኳት። "ሲቀር ማየት ደስ ይለኛል።"

እታለም ሳፋውን አየች፣ እኔን አየች።

"እሱን ለማለት ነው ወር ሙሉ መብራት ስታቃጥዪ የከረምሽው?"

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ልዑልሰገድ ናቸው። ወገባቸው ይዟቸው እንዳደረ ነገሩኝና ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

"ንግግሩ አለቀ?"

"አልቋል።"

"ተመስገን። ስንት ገጽ ሆነ?"

ሳፋውን አየሁት።

"እሱን ገና በወንፊት አላወጣሁትም" አልኳቸው።